በመቃብሩ በኩል ሁለቴ

ሰይዴ፣ የሐያት አባት፣ አሰላሙ አለይኩም።

ከተለያየን አራተኛው ክረምት ገባ። በራፉ ላይ የተከልከው ፓፓያ ወንድ ሆኖ ቀረ፤ አበባውን አንዠርግጎ ቆሞ ይውላል እንጂ አንድ ፍሬ አላየንበትም። ጎረቤቱ ሁሉ ቁረጪው ይለኛል። እኔ ግን ግቢው ውስጥ አንድ ወንድ ይኑር ብዬ ትቼዋለሁ።

ትልቁ ወሬ የወንዙ ዳር ነው። መርሳም የኮሪደር ልማት ደረሳት። ብስክሌትህን ተሸክመህ በድንጋይና በአሸዋ የምታልፍበት ጠርዝ ዛሬ በግንብ ተይዞ፣ ለብስክሌት ብቻ የሚሆን ለስላሳ መንገድ ተዘርግቶበታል። መብራት እንኳ አለው። ሰው ግን መቼ ሰምቶ! ባልቴቱም፣ ፍየሉም፣ ገበያተኛውም የሚሄደው በእሱ ላይ ነው። ብታየው መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ ቀጥሎ ትናደድ ነበር።

የፓፓያውን ሳጥን ከኋላ ጭነህ ከአትክልቱ ወደ መናኸሪያ ስትወጣ፣ መቃብሩ ጋ ስትደርስ ደወልህን ሁለቴ ትደውል ነበር። በመቃብር ያለፈ ሰው ሙታኑን ሰላም ሳይል አያልፍም፤ አንተ ግን ዳገቱ ትንፋሽህን ስለሚወስደው ሰላምታውን ለደወሏ ትተህላት ነበር። የመስጊዳችን ኢማም አንድ ቀን ሰምተው፣ ሰላምታ በምላስ ነው እንጂ በብረት አይደለም ብለው ተቆጡህ። «ሼኬ፣ እኔ በልቤ እላለሁ፣ እሷ ታሰማልኛለች» አልካቸው፤ ሳቁ። ማታ ለእኔ ደግሞ፣ እኔም እዚያ ስገባ ሳትደውሉልኝ እንዳታልፉ አልከኝ። አታሟርት ብዬ ተቆጣሁህ።

የተለያየን ቀን መርሳ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደም። ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነበር። ከላይ ያሉት ሰዎች «ውሃ መጣ!» ብለው ሲጮኹ አንተ ተሻግረህ ነበር አሉ፤ ለብስክሌትህ ብለህ ተመለስክ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ አንተን ግን ሳያሳስቅ ነው የወሰደህ። አንተን ወደ ታች ይዞህ ሄደ፤ ሰዎች ከታች አግኝተውህ ያው መቃብር ገባህ። ብስክሌቷን ግን ውሃው ቅርብ ካለ ዛፍ ላይ ሰቅሎ መለሰልኝ። ጠላኋት። ጓዳ ከተትኳት፤ ደወሏን ፈትቼ፣ ውስጧን ጥጥ ጠቅጥቄ፣ ከቆብህ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት።

ያም ሆኖ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ፣ ንጋት ላይ ሱብሂ ከሰገድኩ በኋላ፣ ከመቃብሩ በኩል ሁለቴ ይደወላል። ጎረቤታችን ዘሃራ፣ ጆሮሽ ነው እህቴ፣ ዱዓ አድርጊለት ትለኛለች። አደርጋለሁ። በወንዙ ዳር ስሄድም ከኋላዬ እሰማዋለሁ፤ ብስክሌት ሲደውል እንዳስለመድከኝ ወደ ግራ ጠርዝ እጠጋለሁ፣ የሚያልፈኝ ግን የለም። ያስፈራኛል ሰይዴ። አንድ ቀን ባይደወል ደግሞ ምን ልሆን ነው እላለሁ።

ሐያት አድጋለች፤ ግትርነቷ ቁርጥ ያንተ ነው። የተጣመመውን ጎማ ከአጎቷ ጋር ሆና አስጠግናለች፤ በአዲሱ መንገድ በብስክሌት ትምህርት ቤት ልሂድ ብላ አስጨነቀችኝ። አባትሽን የበላ ወንዝ ነው፣ ሞቼ እገኛለሁ አልኳት። አንተን መውሰዱ አይበቃም ወይ? እሷን ልጨምርለት?

ትናንት ከሰዓት ደጋው ጠቁሮ ሳለ ጓዳ ብገባ ብስክሌቷም ሐያትም የሉም። ጫማ ሳላደርግ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ልገርፋት ነበር፣ አልዋሽህም። መቃብሩ ጋ ደረስኩባት። ከብስክሌቷ ወርዳ፣ ወደ አንተ ዞራ ቆማለች። ደወል የላትምና በአፏ «ቅጭል፣ ቅጭል» አለችልህ። የፓፓያው ሳጥን ላይ አስቀምጠህ ስትወስዳት ያየችውን አልረሳችም። እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሱብሂ ላይ የምትወጪው አንቺ ነሽ ወይ አልኳት። «ወላሂ እማ፣ ዛሬ ገና መውጣቴ ነው» አለችኝ።

ቤት እንደገባን ጥጡን አውጥቼ ደወሏን በእጄ አሰርኩላት። ደጋው ከጠቆረ ወደ ወንዙ ላትወርድ ቃል አስገብቻታለሁ። ከእንግዲህ በዚያ ስናልፍ፣ እሷ በደወሏ፣ እኔ በምላሴ፣ ሰላም ሳንልህ አናልፍም። እኛ በሕይወት እያለን አትረሳም።

ዛሬ ንጋት ላይ ሐያት ተኝታ፣ ብስክሌቷም ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሳለች፣ ሁለቴ ተደወለ። ወዐለይኩም ሰላም አልኩና፣ አልጋው ላይ ወደ ግራ ጠጋ አልኩልህ።