ላልመጣችው ማዳም ስለተቀመጠው ወንበር

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
መዝረዓ፣ ቤይሩት

ለተከበሩ ሙስዩ ዮሴፍ
የአሮጌ መኪና ወዳጆች ክበብ ፕሬዚዳንት
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ባለፈው እሑድ በዚያ ፀሐይ ከአርባ በላይ መኪኖችን አንድ በአንድ እያጎነበሱ ሲመለከቱ ስላየሁ ወገብዎ አሳስቦኛል። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ሰማያዊዋ ቮልስዎ ሁላቸውም ደኅና እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። ይህን ደብዳቤ እርስዎ በማያነቡት ቋንቋ የጻፍኩት ስለምፈራ ነው። ዐረብኛ አቅቶኝ አይደለም፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። ነገር ግን ለእርስዎ በዐረብኛ የተናገርኩት አንድ ቃል ብቻ ሲሆን እሱም ውሸት ነበር። ስለዚህ እውነቱን መጀመሪያ በእናቴ ቋንቋ፣ እዚህ ያሉ የአገራችን ሴቶች ሁሉ በሚያነቡት የፌስቡክ ገጽ ላይ ላውጣው ብዬ ነው። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሌለኝን ወረቀት ጠየቀኝ። የአማርኛ ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ ናት። ስህተት ካገኛችሁ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

ለማያውቁን አንባቢዎች፦ እናቴ ቀፀላ ትባላለች። መዝረዓ ውስጥ ያለ አንድ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ታጸዳለች፤ የምንኖረውም እዚያው ሥር፣ ከውሃ መሳቢያው አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። በሕንፃው ምድር ቤት አንዲት ክሬም ቀለም ያላት የስልሳ ስምንት ሥሪት ቮልስ ዐሥራ አንድ ዓመት አቧራ ለብሳ ቆማ ነበር። የመኪናዋ ባለቤት አገር ጥሎ ሄዷል። እህቱ ደግሞ ቦታው እንዲለቀቅላት ብቻ ስለፈለገች፣ «ውሰጂያትና ገላግዪኝ» ብላ ሊብሬውን በእናቴ ስም አዛወረችላት። ከኋላችን ጋራዥ ያለው ሱዳናዊው መካኒክ ሙዘሚል ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ አስተማራት። መጀመሪያ እሱ ሲፈታ እሷ ባትሪ ታበራለት ነበር፤ በኋላ እሷ ስትፈታ እሱ ያበራላት ጀመር። የእናቴ ጓደኛ ሲቲና ይህን አይታ፣ «ቀፀላ በስተርጅና ባል አገባች፤ ባልዋም ዘይት ያንጠባጥባል» እያለች ትስቅባት ነበር።

ወደ ክበብዎ እንድንመጣ የመከረን ሙዘሚል ነው፤ የአባሎችዎን መኪኖች የሚጠግነው እሱ ነውና። እናቴ ስታመነታ፣ «ያላ ቀፀላ፣ ሂጂ እንጂ! እዚያ ካሉት ውስጥ ካንዴላውን በእጁ የሚፈታ ስንቱ ነው?» አላት። ሳምንቱን ሙሉ ፓራውልቱን ስትወለውል ከረመች። እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አደረገች። ለእኔም ነጭ ቀሚስ ተኩሳ ሰጠችኝ።

አሁን ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበልዎ። ማር ሚካኤል፣ ወደብ አጠገብ ያለው መኪና ማቆሚያ እንደገባን እናቴ እንደ ልማዷ የሞተሩን ድምፅ ልትሰማ ወደ ኋላ ዞራ ኮፈኑን ከፈተች። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ፊት ለፊት የቀረሁት እኔ ነበርኩ። እርስዎም ያጎነበሰችውን እናቴን እንደ መብራት እንጨት ዞረው አልፈው ወደ እኔ መጡና በደማቅ ፈገግታ፣ «ወይና ል-ማዳም?» አሉኝ፤ ማዳሟ የት ናት ማለትዎ ነው። እንዲህ ያለች ቆንጆ መኪና ያለ ማዳም ከቤት ትወጣለች ብለው አለማሰብዎ ለመኪናችን ያለዎትን ከፍ ያለ ግምት ስለሚያሳይ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ወንበሩ። በክበባችሁ ደንብ ከየመኪናው ጎን ለባለቤቱ አንድ ነጭ ወንበር ይቀመጣል። መደገፊያው ላይ ስሙ ይለጠፋል። ባለቤቱ እዚያ ተቀምጦ የመኪናውን ታሪክ ለሚጠይቅ ሁሉ ያወራል። እንዴት ያለ የሚያምር ደንብ ነው! የእኛን ወንበር ራስዎ አስመጡ፤ ስሟን ስላላወቁ ብቻ በገዛ እጅዎ በዐረብኛ «ማዳም» ብለው ጻፉበት፤ ፀሐይ እንዳይነካትም ጥላ አስተከሉላት። ከአርባዎቹ ወንበሮች ጥላ የነበረው የእኛው ብቻ ነው። እናቴ ዐረብኛ ማንበብ ስለማትችል በዚያ የቤተ ክርስቲያን ጫማ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከወንበሩ ጎን ቆማ ዋለች። ፀሐይዋ ስትዞር ደግሞ፣ ለሚመጣው ሰው እንዳይግልበት ብላ ወንበሩን እየጎተተች ጥላው ሥር አስገባችው።

ሦስተኛ፣ ስለ አድናቆትዎ። እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊዋ ቮልስዎ ከመጠን በላይ ጋለችና አምስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ከበው ይመክሩላት ጀመር። አንዱ ካርቡራተሩ ነው አለ፤ ሌላው ይህች መኪና ጥንቱንም ዕድል የላትም አለ። እናቴ ከኋላቸው ቆማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ካዳመጠች በኋላ፣ «ሙስዩ፣ ያኒ፣ ቺንጋው ላልቷል። ሞተሩ ንፋስ አያገኝም» አለች። እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች፤ ብሎኑን ፈታች፤ ከመዘውሩ መሃል አንዲት ቀጭን ቀለበት አውጥታ ወደ ውጭ አዞረቻትና መልሳ አሰረችው። ሞተሩ ተነሣ። እርስዎም በደስታ አጨብጭበው፣ «ብራቮ! ማዳምሽ በደንብ አሠልጥናሻለች!» አሏትና አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰጧት። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነበር። ስለ ውሃው ከልቤ አመሰግናለሁ።

አራተኛውን ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። አራተኛው የእርስዎ አይደለምና።

እርስዎ «ማዳሟ የት ናት?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሱ ከሁለት ክንድ አይርቅም ነበር፤ ወገቧ ይታየኝ ነበር። ነገር ግን ከጎናችን በቆመች ቀይ መኪና ላይ ሦስት የእኔ ዕድሜ ልጃገረዶች ተደግፈው ነበር። አንደኛዋ ቀሚሴን አይታ ከእነሱ እንደ አንዷ ቆጥራኝ ፈገግ አለችልኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ያች ያጎነበሰችው ሴት እናቴ መሆኗን አላወቁም ነበርና እንዳያውቁም ፈለግኩ። በሞተሩ ድምፅ እናቴ አትሰማም ብዬ «ጃዬ» አልኩዎት። ትመጣለች ማለቴ ነው። ይኸው ነው፤ ማዳሟን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። እርስዎ ወንበር ብቻ ነው የሰጧት።

እናቴ ኋላ ወንበሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ እያሳየች፣ «ሃይሚዬ፣ ምን ይላል?» አለችኝ።

«'ተይዟል' ይላል» አልኳት።

«ለማን?»

«ለእንግዳ።»

የመጀመሪያውን ውሸት በእናንተ ቋንቋ ነበር የዋሸሁት። ይኼኛውን ግን እሷ ራሷ ባስተማረችኝ ቋንቋ ዋሸኋት፤ እያደር ይበልጥ የሚያቃጥለኝም ይህ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሰዎች እየመጡ የመኪናዋን ታሪክ ጠየቁኝ። እኔም እናቴ እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ማዳም ስትመጣ ትነግራችኋለች» እያልኩ አሰናበትኳቸው። እውነተኛ ታሪክ ሞልቶኝ ነበር። በዚህ ዓመት መስከረም በጦርነቱ የቤይሩት ደቡብ ሰፈር ዳሒዬ በአውሮፕላን ስትደበደብ የሲቲና አሠሪዎች በራቸውን ዘግተው ሲሸሹ እሷን ከውስጥ ትተዋት ነበር። ሲቲና በመስኮት ዘልላ ከመሰሎቿ ጋር መንገድ ላይ ሳለች ደወለችልን። ያን ቀን ታክሲ ወደዚያ የሚሄድ አልነበረም። እናቴ ግን በቮልሷ ሄደች። ሲቲናንና ሌሎች አራት ሴቶችን አንዳቸውን ባንዳቸው ጭን ላይ አስቀምጣ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ብቻ እስከ መዝረዓ አመጣቻቸው። ያንን ታሪክ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ብትነግራችሁ አርባውም መኪኖች ጆሮ ያወጡ ነበር። እኔ ግን ታሪኩን ለዚያች ለፈጠርኳት ማዳም አቆየሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአያያዝ አንደኛ የሚሰጠውን የነሐስ ሰሌዳ ይዘው ወደ መኪናችን መጡ። «ማዳም!» ብለው ሁለት ጊዜ ተጣሩ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ከዚያ ሰሌዳውን ለእናቴ አቀበሏትና፣ «ይህን ለማዳምሽ አድርሺላት፤ ፕሬዚዳንቱ በርቺ ብሏል በያት» አሏት።

ዐረብኛ ማንበብ አትችልም እንጂ ትሰማለች፤ ሃያ ዓመት «ማዳም ትፈልግሻለች» ሲሏት ሮጣለች። መጀመሪያ እርስዎን አየችዎት። ቀጥላ ወንበሩን አየችው። መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ፤ እኔ ግን ጫማዬን አያለሁ። የዚያን ጊዜ አንድ ቃል ብትናገር ልጃገረዶቹ ሁሉ ይሰሙ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ «ሐዲር፣ ሙስዩ» አለችዎት። እሺ ማለት ነው። እርስዎን ፈርታ አይደለም። የእኔን ገመና ነው የሸፈነችልኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፦ «ሁለተኛው ማርሽ ይጮሃል፣ ሰማሽው?»

«ሰማሁት» አልኩ።

ከሰኞ ጀምሮ መኪናዋ ሸራ ለብሳለች፤ እናቴ ወደ ምድር ቤት አልወረደችም። ረቡዕ ከክበብዎ ተደውሎ የአባላት መዝገብ በነገው እሑድ እንደሚዘጋ፣ ባለቤቷም ሊብሬዋን ይዛ ራሷ መጥታ ካልፈረመች ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ተነገረን። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እናቴ እጇ አረፋ እንደያዘ፣ «ማዳም ተጉዛለች በያቸው። ኸላስ፣ በቃ» አለችኝ። እዚያው የነበረችው ሲቲና አልቻለችም፤ «ማዳም ከጠፋ እኔን አትወስዱኝም? ጥቁር መነጽር አድርጌ እግሬን አነባብሬ እቀመጥላችኋለሁ፤ ለቀፀላም 'ውሃ አምጪ' እላታለሁ» አለች። እናቴ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝና ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሲቲና ለቀልድ የምትለውን እኔ የምሬን አድርጌዋለሁ።

የተከበሩ ሙስዩ ዮሴፍ፣ ከእርስዎ ላይ ጥፋት ለመፈለግ ስድስት ቀን ሙሉ ደክሜያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ አላደከመኝም። እርስዎ እናቴን አላዩአትም። ነገር ግን እርስዎ ያላዩአት ስለማያውቋት ነው። እኔ እያወቅኳት ነው ያላየኋት። ስለዚህ ከላይ በቁጥር የጻፍኩልዎትን ምስጋና ሁሉ እንዲቀበሉኝና ከእያንዳንዱ ግማሹን ለእኔ እንዲመልሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ለክበብዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሞተሮቻችሁ ንፋስን፣ ለእርስዎም ሰው ሲያጎነብስ ፊቱን ዞሮ የሚያይ ዓይንን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ሃይሚ
የቀፀላ ልጅ

ያልጨረስኩት፦ ነገ ሲነጋ፣ እናቴ ደረጃ ማጠብ ሳትጀምር፣ ይህን ደብዳቤ አነብላታለሁ። ይቅርታም እጠይቃታለሁ። ከዚያ አብራኝ እንድትመጣ እለምናታለሁ። እሺ ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ብትመጣ በቮልሷ እንመጣለን። ባትመጣ ሊብሬውን አስፈቅጄ በሰርቪስ ታክሲ ብቻዬን እመጣለሁ፤ መዝገቡ ቢዘጋብንም ይዘጋ። እነዚያ ሦስት ልጃገረዶችና አምስቱ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ከፊትዎ ቆሜ፣ «ሳሕቢት ሲያራ ኢሚ» እልዎታለሁ፤ የመኪናዋ ባለቤት እናቴ ናት። ያን ጊዜ ምናልባት እርስዎም ቢያፍሩ አይደንግጡ፤ የስድስት ቀን ልምድ ስላለኝ እንዴት እንደሚያዝ አሳይዎታለሁ። ድምፄ ትንሽ ነው። ካልሰሙኝ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ።