አምስቱ ጭልፊቶች የሞቱበት ቀን

ሚያዝያ 14፣ 1979 ዓ.ም.፣ ማታ 1 ሰዓት

የሊንዳን ጽሑፍ ዛሬም መለስኩላት። ለሦስተኛ ጊዜ። «ብዙ ወፎች ሞቱ» ትላለች። ብዙ ማለት ስንት ነው? አምስት ጭልፊት፣ አንድ ንስር። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ የወፍ ማዳን ዘመቻችን ጸሐፊ። ልቧ ደግ ነው፣ ቁጥር ግን አታከብርም። በስልክ ጮኽኩባት። አለቀሰች። ይቅርታ አልጠየቅሁም።

የአደንና የመርዝ ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚሽን ፊት ለመቅረብ 8 ቀን ቀረን። ጉዳዩ አንድ ነው። ከተራራው ማዶ ባለው ደጋ የአዳኞቹ ክለብ ፈቃድ ይታደስ ወይስ ይቅር። ክለቡ በመኸር ግራውስ ይተኩሳል፤ ከቆቅ ወገን የሆነ፣ ከቆቅ ግን ገዘፍ ያለ ወፍ ነው። ለመኸር እንዲበዛለት በበረዶው ወራት መርዝ የተቀባ ሥጋ ሜዳ ላይ ይጥላል። ለኮዮቴ ነው ይላሉ፤ ጫጩቱን ለሚበላ ቀበሮ መሰል አውሬ። ለጭልፊት ይህን ማን ነገረው? የሚገድሉትን ለማቆየት ሌላውን ሁሉ ይገድላሉ።

መርዝ የመጣል ፈቃዳቸው በየዓመቱ ማርች 31 ያበቃል። እኔ የሞቱትን ወፎች ትኩስ ሥጋ አጠገብ ያገኘሁት አፕሪል 5። ምዬ ፈርሜአለሁ። ያለን ማስረጃ ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ሐዘን እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሚያዝያ 16

ጌታሁን ከኦበርን፣ ከመጋዘን ሥራው ሲወጣ ጎራ አለ። ወደ ደጋው በመኪናው የወሰደኝ እሱ ነው። እራት ላይ ጀመረኝ።

«ሶ ጋሼ፣ አገር ቤት ሰው በረሃብ አለቀ፤ እርስዎ የጭልፊት ጠበቃ ሆነው ቀሩ?»

ባለቤቴ የሺ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሰውም ያለቀው ቆጣሪ አጥቶ ነው አልኩት። እውነቴን ነው። አገር ቤት በመንግሥት መ/ቤት ስሠራ ከወረዳ ይዤ የመጣሁትን የሟች ቁጥር አለቃዬ ሰርዞ «ጥቂት» ብሎ ጻፈ። ሪፖርቱ በእኔ ስም ወጣ። ፈረምኩ። ይህን ለጌታሁን አልነገርኩትም። ላንተ ነው የምነግርህ፣ ደብተሬ።

ሚያዝያ 18፣ እሑድ

ምን ብዬ ልጻፈው?

ከሰዓት በኋላ ምስክርነቴን ጮክ ብዬ እያነበብኩ እለማመዳለሁ። የሺ ምን ይላል አለች። በአማርኛ መለስኩላት፤ አፕሪል 5፣ በእኛ መጋቢት 27፣ ተራራውን ተሻግሬ…

«በመድኃኔዓለም? እንዴት ሆኖ! ያን ቀን ከእኔ ጋር የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወንበር ስትደረድር አልዋልክም? ወንበሩ ተጣመመ ብለህ ከዲያቆኑ ጋር እንኳ ተጣልተሃል።»

አንተን ገለጥኩህ፣ ደብተሬ። መጋቢት 27፦ አዳራሽ፣ ወንበር፣ ዲያቆኑ። ወደ ኋላ ሄድኩ። መጋቢት 18፦ «ከጌታሁን ጋር ወደ ደጋው። 5 ጭልፊት፣ 1 ንስር። የቁጥቋጦው ሽታ አሪቲ አሪቲ ይላል።»

የስሕተቱ መንገድ ወዲያው ገባኝ። መጋቢት 18 በፈረንጅ ማርች 27 ነው። ለሊንዳ እንዲመች ብዬ ወፎቹን ያነሳሁበትን ፊልም ፖስታ ስከት ቀኑን ገና መንገድ ላይ ወደ ፈረንጅ ቀየርኩ፤ ግን በለመደ እጄ «መጋቢት 27» ብዬ ጻፍኩበት። ምስክርነቱን ስጽፍ ፖስታውን አየሁና ዘጠኝ ቀን እንደገና ጨመርኩ። አፕሪል 5 የምትባለው ቀን ከዚያ መጣች።

ወፎቹ የሞቱት ፈቃዱ ሊያበቃ አራት ቀን ሲቀረው ነው። በሕጋዊ መርዝ።

እኔ። በአንድ ቃል ምክንያት ሴትዮዋን የማስለቅስ ሰውዬ።

ሚያዝያ 19

ለሊንዳ ኮል አደረግሁ። የቀኑን ስሕተት ነገርኳት። እሷም፦ ወፎቹ እንደሆነ ሞተዋል፤ የእናንተን አቆጣጠር ማን ያውቃል፤ ካሁን በኋላ ብታነሳው ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ይታደሳል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የምናድነው አይኖርም። የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው። ጨካኝ አልነበረችም። ይህ ባሰኝ።

ጌታሁንም፦ «ኦኬ ጋሼ፣ እኔ እንደሆነ አፌ ዝግ ነው። ቀኑን ማን ፈተሸው?»

እኔ ፈተሽኩት።

ሚያዝያ 20

ከሰፈሬ፣ ከቢከን ሂል፣ በአውቶቡስ ስወርድ ሦስተኛ መንገድ አገኘሁ። ቀኑን መዝለል። «በጸደይ መግቢያ ላይ» ማለት። ውሸት አይደለም። ማንም አይይዘኝም። የምሠራበት ላብራቶሪ ገብቼ ጠርሙስ እያጠብኩ ዓረፍተ ነገሩን አሳመርኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ጻፍኩት። አነበብኩት። «ጥቂት» ብሎ የጻፈው የአለቃዬ እጅ ጽሑፍ መሰለኝ። ቀደድኩት።

ተቆጥቻለሁ። በማን? ሕጉም ላይ፣ ክለቡም ላይ፣ ራሴም ላይ።

ሚያዝያ 21

ኮሚሽኑ ጋ ደወልኩ። ለኮሚሽኑ ጸሐፊ በምስክርነቴ ላይ ያለው ቀን ስሕተት ነው፣ ማርች 27 ይባል አልኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። መዘገበች። የክለቡ ጠበቃ እስከ ማታ ይደርሰዋል።

ለሊንዳ ነገርኳት። ስለ ጽሑፏም ይቅርታ ጠየቅሁ። ነገ አልመጣም አለች። ስልኩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

የሺ ሸሚዜን ተኮሰች። አንገትጌውን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው።

ሚያዝያ 22፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ወደ ኦሎምፒያ፣ ኮሚሽኑ ወዳለበት ከተማ። ጌታሁን ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጣ፤ ታች ጥሩንባ ይነፋል። «ጋሼ፣ ተሸንፈውም ቢሆን ይቸኩሉ እንጂ!»

ምናልባት እሸነፋለሁ። ጠበቃው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። የምለው አጭር ነው። ክለቡ ሕግ አልጣሰም። አምስት ጭልፊትና አንድ ንስር የሞቱት እናንተ በፈቀዳችሁት ቀን፣ እናንተ በፈቀዳችሁት መርዝ ነው። ስለዚህ የማመለክተው በክለቡ ላይ አይደለም፤ ፊርማ ባለበት የፈቃድ ወረቀት ላይ ነው፤ ፊርማው ደግሞ የእናንተ ነው። ጥሩንባው እንደገና ተነፋ፤ ልውረድ።