በአበባው ሥር ስለተሰፋው ነገር

እኔ ታፓይሩ ንጋሪኪ፣ በአይቱታኪ ደሴት የአሙሪ መንደር ነዋሪ፣ ዛሬ ሐሙስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2016 በቤቴ በረንዳ ተቀምጬ ይህን የኑዛዜ ቃሌን እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ነርስ ሩታም አልደበቀችኝም። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው፤ የሚጠራጠር ካለ ይጠይቀኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ በዚህ ደሴት እኔን የሚያስገድድ ገና አልተወለደም። የሚጽፈው ዲያቆን ቶሬአ ሲሆን፣ ቃሌን ሳያሳምር እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ።

መሬቱ የዘመዱ ሁሉ የጋራ ርስት ነው፤ ስለ እርሱ የምናገረው የለኝም። አሳማዎቹ ለቀብሬ ይታረዱ። ትንሿ ግን ትቅር፤ የልጅ ልጄ ሞኤ ስም አውጥታላታለች።

የስፌት መኪናዬን ለእኅቴ ለአካይቲ ሰጥቻለሁ። ደግሞም ያኔ በወጣትነታችን ሳታስፈቅደኝ ቀድታ፣ ሰፍታ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሰቅላ የተመሰገነችበትን የቅጠል ንድፌን እነሆ አሁን በሕግ ትውሰደው።

«ኧረ ታፓይሩ! ዛሬም አለቀቅሽኝም?» አለች አካይቲ።

«ልለቅሽ ብዬ እኮ ነው የምናዘዘው» አልኳት። ይኸም ይጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እናቴ በሰፋችልኝ በቀዩ ቲቫኤቫኤ፣ በባለ አበባው የአልጋ ልብስ፣ ጠቅልላችሁ ቅበሩኝ። አዲሱን፣ ይኸው ጉልበቴ ላይ የተዘረጋውን ነጭና ሐምራዊ የአልጋ ልብስ ግን ወደ ጉድጓዱ እንዳታወርዱት። አካይቲ፣ «የመጨረሻ ሥራዋ ነው፣ አብሯት ይውረድ» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ልማዱን ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ይህ ግን የእኔ ብቻ ሥራ አይደለም፤ የሞኤም ነው፤ የተሰፋውም ለእናቷ ለቴይና ነው።

ልጄ ቴይና ባሏ ከሞተ በኋላ «ጥቂት ወር ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ኦክላንድ ሄደች። ሞኤ ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር፤ አሁን ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ቴይና በየገናው «ዘንድሮስ እመጣለሁ» ትላለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ አፍራ ነው። ብዙ የቆየ ሰው የገዛ ቤቱ በር ይከብደዋል።

የዝናቡ ወራት ሳያልፍ ሞኤ «ለእማዬ አንድ ነገር እንሥራላት» አለችኝ። እኔ ጨርቁን አጣጥፌ በልብሱ ላይ የሚሰፉትን አበቦች ቆረጥኩ፤ እርሷ ክሩን መረጠች፤ ከዚያ አብረን ሰፋን። ስፌቷ እንደ ሰከረ ሸርጣን ይሄዳል። አካይቲ ፈትታ ልታስተካክል ስትል እጇን መታሁት። ያ ጠማማ ስፌት የልጅቷ እጅ ነው፤ እናቷ ልታይ የሚገባት እርሱን ነው።

አንድ ቀን ከቀትር እንቅልፌ ስነቃ መካከለኛውን አበባ አብጦ አገኘሁት።

«ምን ከተትሽበት?» አልኳት።

«የእማዬ ነው።»

«ለእኔ ብትነግሪኝስ?»

«አንቺ እማዬ ነሽ?»

እንዳልዳብሰውም አስማለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ዛጎል ይሆን? የወለቀ ጥርሷ ይሆን? ጥርሷንስ ጣሪያው ላይ አብረን ወርውረነዋል። የአባቷ መንጠቆ ይሆን? ሄጄ አየሁ፤ መንጠቆው በምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሞትን አልፈራም፤ ይህን ሳላውቅ መሄድ ግን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ እናዘዛለሁ። ይህ ልብስ በአውሮፕላንም በመርከብም አይላክ። ቴይና ራሷ ትምጣ፤ ሞኤን ከጎኗ ታስቀምጥ፤ ሞኤም መቀሱን ይዛ አበባውን ትፍታ። ከዚያ በፊት ማንም በጣቱ እንዳይነካው፤ አካይቲ፣ ጣቶችሽን አውቃቸዋለሁ። ቴይና የተቋጠረ ነገር ሳትፈታ ማደር አትችልም፤ በልጅነቷ የቤተሰቡን ሁሉ የገና ስጦታ ቀድማ ትከፍት ነበር። ከእኔ ወርሳው ነው። ናፍቆት ያላመጣትን ይህ ያመጣታል።

ይህን ስናገር ሞኤ «እማዬ ባትመጣስ?» አለች። ዲያቆኑ መጻፉን አቆመ።

«ትመጣለች» አልኳት፤ ነገር ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ልጅቷ አየችኝ። «በቃ አታልቅሺ፣ ለአንቺ ልንገርሽ» ብላ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ምን ያህል እንደጓጓሁ!

«ተዪ፣ አይሆንም» አልኳት። ካወቅሁ ምላሴ አያርፍም፤ ዛሬውኑ ደውዬ ለቴይና እነግራታለሁ፤ እርሷም ሰምታ እዚያው ትቀራለች። እናትን ለልጇ ለመመለስ የቀረኝ ማጥመጃ ይህ ብቻ ነው፤ አላባክነውም።

መቃብሬ በግቢዬ፣ በኩሽናው መስኮት ትይዩ ይሁን። አበባው የተፈታ ዕለት እናትና ልጅ መጥታችሁ ያገኛችሁትን ጮክ ብላችሁ ንገሩኝ። በቀኜ በኩል ቁሙ፤ ግራ ጆሮዬ አይሰማም።

ቃሌ ይኸው ነው። ተነብቦልኝ አምኜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ታፓይሩ ንጋሪኪ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ ነርስ ሩታ ማኔአ (ፊርማ)፣ ዲያቆን ቶሬአ ዮቴፋ (ፊርማ)

የምስጢሩ ባለቤት፦ ሞኤ (የአውራ ጣት አሻራ)

ሳላሳምር እንድጽፍ ስለማልኩ ከፊርማው በኋላ የሆነውንም እጨምራለሁ። ተናዛዥ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ አበባው ሰደደች። «ሞኤዬ፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ፤ ለስላሳ ነው ጠንካራ?»

«እማማ! አስጽፈሻል እኮ!» አለቻት ሕፃኗ።

ተናዛዥም እጇን ሰበሰበች። ቶሬአ።