አልታዬና ቡችሎቹ

ኅዳር 3 ቀን 1972
ገብስ ስለቅም ዋልሁ። ሆዴ አላስጎነብስ አለኝ። ውሻችን ዳልቻም እርጉዝ ናት፤ ጎተራው ሥር ተዘርራ ታለከልካለች። ንጉሡ ዜማ አስተምሮ ሲመለስ ሁለታችንን አየና፣ "ማን ይቀድም ይሆን?" አለ። ባል ተብዬው! ሰደብሁት። ሳቄ ግን አመለጠኝ... ስንት ዓመት ልጅ ያጣ ቤት። አሁን ሁሉ ነገር ያስቀኛል።

ኅዳር 11
ሴት! አልታዬ አልናት።

ኅዳር 13
ዳልቻ ትናንት አራት ወለደች። ቀደምኋት! አራስ ነኝና ወሬውን የሚያመላልስልኝ ንጉሡ ነው። ቡችሎቹ ዓይናቸው እንደ ተሰፋ ነው አለ። የኔዋ አፍጥጣ ታየኛለች። በለጥናቸው።

ኅዳር 26
ንጉሡ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንቀላፋ። ልጅቱ መቼ ታስተኛዋለች? ሊቀ መንበሩ፣ "ጓድ መሪጌታ፣ አስተያየትዎ?" ሲሉት ብንን ብሎ፣ "ዓይናቸውን ገለጡ!" አለ። ቡችሎቹን ማለቱ ነው... ዛሬ ጠዋት ገልጠው። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ሳቁ አለኝ። ባይስቁስ ኖሮ? ተዪው።

ታኅሣሥ 12
ቡችሎቹ ግቢውን ያተራምሱታል። የንጉሡን ጫማ በሉ። አልታዬ አንገቷ እንኳ አልጸናም። ተበለጥን።

ጥር 4
ሳቀችልኝ! ቡችላ ይስቃል? አይስቅም።

የካቲት 1
ትናንት ክርስትና ተነሣች። ከደጎሎ የመጡት እንግዶች ሦስቱን ቡችሎች ወሰዱ። ግንባረ ነጯን ቦራን አልሰጥም አልሁ። አማቴ እማማ በለጥሻቸው፣ "አንቺ ልጅ፣ የወለድሽው አንድ ነው ሁለት?" አሉኝ።

ኅዳር 14 ቀን 1973
ዓመት ሞላት። አልቆመችም። ጎረቤቴ ሩቂያ፣ "አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል" ትላለች። እማማ ጠበል እንውሰዳት አሉ። ቦራ ግን... ያቺ የትናንት ቡችላ እኮ ሆዷ ገፍቷል! ስቄ ስቄ መጨረሻው እንባ ሆነ። ምን ነክቷት ይሆን የኔዋ?

ኅዳር 20
ክሊኒክ ወሰድኋት። ድሬሰሩ እግሯን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ ጉልበቷን መታ መታ አደረገ።
"ከማን ጋር ስታስተያዪያት ነው የዘገየችብሽ?"
ምን ልበለው? "ከ... ከውሻችን ጋር።"
ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። ሲስቅ ወረፋ የያዙት በበሩ አጮለቁ። ምንም አልሆነችም አለ፤ ከዓመት በኋላ የሚራመድ ልጅ ሞልቷል። እኔም እየሳቅሁ ተመለስሁ። እፎይ...

ታኅሣሥ 5
ቦራ ወለደች። አልታዬ የቡችሎቹን ድምፅ ስትሰማ ከጭኔ ወርዳ እየዳኸች ገሰገሰች። ምሰሶውን ይዛ ቆመች። ምሰሶውን ለቀቀችው... ሄደች! እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች ሄደች! ቡችሎቹ ዘንድ ስትደርስ በቂጧ ዘፍ። "ንጉሡ! ንጉሡ!" ጥምጥሙ በአንገቱ ተንጠልጥሎ ሮጦ መጣ። እማማ እልልታውን አቀለጡት። ሩቂያ በአጥሩ ላይ፣ "ማሻ አላህ!"

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ቦራ ልጆቿን ትልሳለች። በዓመቷ እናት ሆነች... ጥቂት ሰንብተው ይበተኑባታል። የኔዋ ገና ዛሬ መራመዷ ነው። አፍ እስክትፈታ፣ ፊደል እስክትቆጥር፣ ጠጉሯን ሹሩባ እስክሠራላት... ስንት ጊዜ አለኝ! ጉያዬ ውስጥ ተኝታለች። ቀስ በይ፣ ልጄ። ማን አስቸኮለሽ?