አግዳሚ ወንበር ላይ ያለፈው የእትዬ ለምን ሕይወት

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ለምን» እያለ የሚጠራቸው አክስታችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከድልድዩ በታች ባለው ሰፈር፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጣሪያው በሚያፈስ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የዛሬ ስድሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። ሁለት ታናናሾቻቸው በሕፃንነታቸው በሳል ተቀጥፈዋል። እናታቸው የታጠበ ልብስ ሊያደርሱ ይዘዋቸው ከድልድዩ ማዶ ወዳለው የባለጠጎች ሰፈር ሲሻገሩ፣ አክስታችን፣ የማዶ ልጆች እየሳሉ ለምን እንደማይሞቱ ጠየቁ። ቅጽል ስሙም በዚያው ጸናባቸው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በሶሲዮሎጂም እስከ ዶክትሬት ዘለቁ። የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያችው የልጅነት ጥያቄ ነበረች። ከአንድ ወንዝ የሚጠጡ ሁለት ሰፈሮች፣ አንዱ የልጅ ልጁን እያጫወተ ሲያረጅ፣ ሌላው ልጁን ሳይድር ለምን ይሞታል? መልሱን ቢሮ ቁጭ ብለው አልፈለጉትም። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከበሽተኛው ጎን ተቀምጠው፣ ማን ቀድሞ እንደሚጠራና ማን ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ለዓመታት አዩ። ድሃውን በሽታው ይጀምረዋል እንጂ የሚጨርሰው ወረፋ መጠበቁ ነው ብለው ጻፉ። በዚህ ጥናታቸው ምክንያት ዛሬ አንዲት ነርስ በየሰዓቱ ከወንበሩ ዳር እስከ ዳር እየዞረች የእያንዳንዱን ሰው ሕመም ትጠይቃለች። የባሰበት ይቀድማል።

ባለቤታቸው አናጢ ናቸው። የተዋወቁትም ለጤና ጣቢያው መደገፊያ ያለው አግዳሚ ሊያሠሩ ሄደው ነው። ሰው ለትዳር ቀለበት ያሠራል፣ የእኔዋ ወንበር አሠርታ አገባችኝ እያሉ ሲያሾፉባቸው ኖረዋል። አንድ ልጅ ወልደው ለሐኪምነት አብቅተውታል፤ የሚሠራውም ማዶ ካለው ሆስፒታል ነው።

ባለፈው ሰኞ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ልጃቸው ወደ እሱ እንዲመጡ በስልክ ቢለምናቸው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ልጅ የለውም፣ እኔም ወረፋዬን እይዛለሁ ብለው እንቢ አሉት።

ማክሰኞ ጠዋት ከዚያው ወንበር ጥግ ተቀመጡ። ነርሷ ዞረች፤ ሁሉንም ጠየቀች። እሳቸው ዘንድ ስትደርስ፣ ዛሬም ለጥናት መጡ እንዴ ብላ ሰላምታ ሰጥታቸው አለፈች። ሊመልሱ ትንፋሽ አጠራቸው። በሁለተኛው ዙር ያሸለቡ መስሏት፣ እንዳትቀሰቅሳቸው በእግሯ ጣት ተራመደች። በሦስተኛው ዙር ነው ጉዱ የታወቀው። ይህን ሁሉ ያጫወተችን ራሷ ነርሷ ናት፣ እንባዋን መግታት አቅቷት።

ዱብ ዕዳ ነው የወረደብን። ነርሷን አንወቅስም፤ እኛም ብናያቸው ሥራ ላይ ናቸው ብለን እናልፍ ነበር። እስካሁን ያደነዘዘን ይኸው ነው። በዚያች ሰዓት ልጃቸው፣ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ብሎ፣ ማዶ አልጋ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር።

እትዬ ለምን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አንድ እህታቸውንና እኛን የእህታቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል። ባለቤታቸው ከማክሰኞ ወዲህ አፋቸውን ሲከፍቱ ለምን ከማለት ሌላ አይወጣቸውም።

ፈጣሪ ሆይ፣ ነፍሳቸውን በደግ እጅህ ተቀበልልን። ወደ አንተ የመጡት ለጥናት አይደለምና፣ እባክህ አታስጠብቃቸው።