በእግዚአብሔር ላይ የመሰከርሁት

ባሕር ዳር፣ ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለእማሆይ ወለተ ኪዳን፤

ባሉበት ደሴት የእመቤታችን ጥበቃ አይለይዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ።

እንግዲህ ከዚህ በላይ አልቻልሁም። አንቱ ብዬ ልጽፍልሽ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ፤ ሃያ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር አብራኝ የኖረችን ሴት አንቱ ማለት እጄ እንቢ አለኝ። ቆብሽ ይቅር ይበለኝና አንቺ ልበልሽ።

ደጃፍ ላይ የተከልሽው ሎሚ ዘንድሮም አፍርቷል። ባለታንኳው አዘዘ አንድ ቅርጫት ያመጣልሻል፣ መንገድ ላይ ካልጨረሰው። ደብዳቤውን ያነበዋል ብለሽ አትስጊ፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ከመስቀል በቀር ከፊደል ጋር ጉዳይ የለውም። ሐይቁ ሸሽቶ ልብስ ታጥቢበት የነበረው ድንጋይ ደረቅ ላይ ቀርቷል። እሱ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ከዚህ ሆኜ የደሴታችሁ ዛፎች ይታዩኛል። አንዳንዴ ሩቅ አገር ብትሆኚ ይሻለኝ ነበር እላለሁ፤ በዓይን እያዩ መናፈቅ ከባድ ነው። ወደ ማታ ከዚያ ማዶ ጭስ ሲነሣ "ሽሮዋን ጣደች" እላለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስል ኖርሁ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ሎሚ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሸጊቱ የምትባል ሴት ረሃቡን ሸሽታ ከላስታ ስትመጣ፣ የሦስት ዓመት ልጇ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ሞተባት። ፍትሐት አድርሼ ቀበርሁት። አፈሩን መልሰን ስንጨርስ፣ "አባቴ፣ ሰዉ ሁሉ ረሃቡ የእግዜር ቁጣ ነው ይለኛል። ይህ ልጅ ምን በድሎት ነው?" አለችኝ። ቁጣ ነው ብሎ በዚያው እሑድ የሰበከው እኔው ነኝ። መልሱም አፌ ላይ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የተናገርሁት ነው። ዋጥሁትና "አላውቅም ልጄ" አልኋት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ፤ "ሁሉም አውቃለሁ ባይ ነው፤ አላውቅም ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።" መቃብሩ አጠገብ ቁጭ አለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስሁ። ለልጃችን ለአምሐ ያላለቀስሁትን ጭምር አለቀስሁ።

የልጃችንን ሬሳ የካቲት ፲፮ ማለዳ አስፋልት ዳር ስናገኘው፣ ማልቀስ ክልክል ነው ተባልን። ጠመንጃ ያነገተው የቀበሌ ዘብ በራችን ላይ ቆሟል። ለቀስተኛው ሁሉ የእኔን አፍ ያያል። እኔ ካህኑ ምን አልሁ? "ልጄ የኃጢአቱን ዋጋ አገኘ፤ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው" አልሁ። ዘቡ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። አንቺ ተነሥተሽ፣ "እግዚአብሔር አላደረገውም፤ ያደረጉትን አንተም ታውቃቸዋለህ" አልሽኝ። ፍትሐት እንኳ ሳላደርስለት አፈር ገባ። በሳምንቱ በአዘዘ ታንኳ ተሻገርሽ።

ሰው፣ ሐዘን በዝቶባት መነነች ይላል። እኔ ለምን እንደሄድሽ አውቃለሁ። ስለፈራሁ አልነበረም፤ ፈሪነቴንማ ከጥንት ታውቂዋለሽ፣ ጅብ ሲጮህ ተነሥተሽ በሩን የምትዘጊው አንቺ ነበርሽ። በእግዚአብሔር ላይ በሐሰት ስለመሰከርሁ ነው። ሰዎች ያፈሰሱትን ደም በእሱ እጅ ላይ ቀባሁት። እኔ መቅደስ ውስጥ ቀረሁ፣ እምነቱን ግን ይዘሽው የሄድሽ አንቺ ነሽ።

ቸር ከሆነ ለምን ዝም አለ ብትዪኝ፣ ላንቺም መልሴ ለሸጊቱ የሰጠኋት ነው። ድሮ ግን ሰው የማስፈራራበትን የፍርድ ቀን ዛሬ ገበሬ ዝናብ እንደሚጠብቅ እጠብቀዋለሁ። ካልመጣ የአምሐን ደም ማን ይጠይቅልናል? ሲመጣ እኔም እንደምጠየቅ አጥቼው አይደለም። ይጠይቀኝ። እኔ ሰባት ዓመት በቅዳሴ ያልጠራሁትን የልጄን ስም እሱ አልረሳውም፤ ቸርነቱን የማምነው በዚህ ነው።

እንግዲህ የካቲት ፲፮ ሰባት ዓመቱ ነው። ዐቢይ ጾም ስለሚገባ ድግስ የለም፣ ንፍሮ አስቀቅላለሁ። ቅዳሴው እንዳለቀ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ በክርስትና ስሙ ጠርቼ ፍትሐቱን አደርስለታለሁ። ከዚያ ያን ቀን የተናገርሁት ሐሰት እንደነበር፣ ልጄን የገደለው እግዚአብሔር እንዳልሆነ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ያ ዘብ ዛሬ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሆኗል። ይስማ።

ላሚቱን ለአዘዘ ሰጠሁት፤ እሷን ማገድ ሰልችቶኛል። ዳዊቴንና የአምሐን ሹራብ ከቅርጫቱ ሥር፣ ከሎሚው በታች ታገኛቸዋለሽ። ቤቱ አይጥ ስለበዛበት ነው፣ ሌላ ነገር አታስቢ።

ነይ አልልሽም። ናፍቀሽኛል፤ እሱን አልደብቅሽም። የዚያን ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቀትር ላይ ሲደወል ወደዚህ ዳር ብቻ ተመልከቺ። ድንጋይሽ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ነጭ ስለምለብስ ትለዪኛለሽ። እስኪመሽ ድረስ እቆማለሁ።

ድንጋዩ ባዶ ሆኖ ካየሽ፣ ሰዎችም መጥተው የእግዚአብሔር ፍርድ ነው ቢሉሽ፣ ያን ጊዜ ለእኔ የመለስሽልኝን መልሽላቸው።

የኪዳነ ምሕረት እጅ ከደሴቱም ከዚህኛውም ዳር አይነሣ።

ባልሽ የነበርሁ፣ ከዚያ ወዲህም ሌላ መጠሪያ ያላገኘሁ፣
ቄስ ወልደ ገብርኤል