ጉማው የተበላ ደም

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ማሽላው አሽቷል። ወፉ በረታ፤ ስጮህ ውዬ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሌላ ነገር የለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
የጎረቤቴ የሙህሲን ልጅ ጀዊሪያ ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። ለቅዳሜ ሸራ ይዘው ዋጃ ድረስ ሰልፍ ሊወጡ ነው። አያቴን አሊን የገደለው የዋጃ ሰው ነበርና ስሙን ፈለጉት። ሸራውን ዘረጉልኝ... «የአሊን ጉማ እንመልሳለን» ይላል።
«ከብቱን ከየት ታመጣላችሁ?» አልኳቸው።
«የምን ከብት?» አለ መንሱር የሚባለው።
ጉማ በቀል መስሏቸዋል! የደም ካሳ ነው። የገዳዩ ዘመዶች ከብት ነድተው መጡ፤ አባቴ ተቀበለ፤ ታረቁ። ጉማው የተበላ ደም አይጮህም።
«አባባ ፈሩ» አለ መንሱር።
ጀዊሪያ ግን፣ «ጉማ ከተበላ በኋላስ?» አለች።
«ዘመድ ይኮናል። በሰርግም በለቅሶም መጠራራት ነው።»
«ታዲያ እርስዎ መቼ ሄዱ?»
ከጦርነቱ ወዲህ አልሄድኩም። ምን አገባት?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ስድ ናት። ...ጥያቄው ግን ልክ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ሙህሲን መጥቶ ነገረኝ። ልጅቱ ብቻዋን በሚኒባስ ዋጃ ሄዳ፣ ጠያይቃ የገዳዩን የልጅ ልጅ ረዲን አግኝታዋለች። «ደጁን እኛ አልዘጋነውም በይልኝ» ብሏታል። ተመልሳም በስብሰባቸው ላይ፣ «ሳንጠይቅ ልንጮህ ነበር። እኔ ይህን ሸራ አልይዝም» አለች አሉ። ተሸጠች ብለው ሰደቧት። ግማሾቹ ጥለዋት ወጡ። አላለቀሰችም፤ ቃሏንም አላጠፈችም።
በእሷ ዕድሜ ጓደኞቼን እንዲህ እቋቋም ነበር? እንጃ... አይመስለኝም። እልከኛ የሚሉት እኔን ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ሰልፉ ቀረ። ዋጃ ውዬ ገባሁ። ጀዊሪያና የቀሩት ልጆች አብረውኝ ነበሩ። መንሱርም አኩርፎ ተከተለን፤ ሸራውን ተሸክሞ።
ረዲ ፍየል አረደ። ሰው በዝቶ ምንጣፍ ሲያንስ ጀዊሪያ ሸራውን ከመንሱር ተቀብላ ጽሑፉን ወደ መሬት አድርጋ አነጠፈችው። ረዲ ጫፉን ገለጥ አድርጎ አየ።
«ምን ይላል?»
«ከብታችሁን እንመልሳለን ይላል» አልኩት።
«ያኔ ከስተው ሳሉ ነው የሰጠናችሁ። አደራ፣ አወፍራችሁ።»
ቀድሞ የሳቀው መንሱር ነው።
እግሬን ዘርግቼ ሸራው ላይ ተቀመጥኩ።